«ጀምሮ» የምትለዋ ቃል፦ የዓይን ሌዘር በማስታወቂያና በኪስ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 27 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ጀልባ እነዳለሁ፤ ቱሪስትና ተሳላሚ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ አመላልሳለሁ። መነጽሬ በሁለቱም ዓይን ማይነስ 3.75 ነው፤ ሲሊንደር 1.25 አለው። ማዕበል ሲነሳ ውሃ ይረጨውና አላይበትም። አንዱ መነጽሬ ጣና ገብቶ ቀርቷል። ስልኬ ላይ የአንድ አዲስ አበባ ክሊኒክ ማስታወቂያ አየሁ። በሌዘር ከመነጽር እንገላግላለን ይላል፤ ዋጋውም የሚከብድ አይደለም። እዚያው የተሠራ ጓደኛዬ ግን ማስታወቂያው ላይ ካለው ሦስት እጥፍ አወጣሁ አለኝ። ማንን ልመን? ስንት ብር ይዤ ልነሳ? የማስታወቂያውን ፎቶ ልኬልዎታለሁ።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ዶክተር አይደለሁም። ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። ዓይን እለካለሁ፣ መነጽር አዛለሁ፣ ለቀዶ ጥገና የሚሆነውን ወደ ዓይን ሐኪም እልካለሁ። እንጀራዬ ከመነጽር ነው። ስለ ሌዘር የምነግርህን ይህን እያሰብክ አንብበው።

ሁለቱንም እመን። ማስታወቂያው አልዋሸም፤ ጓደኛህም አልዋሸም። የላክልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ከትልቁ ቁጥር ጎን በትንሽ ፊደል «ጀምሮ» ይላል። የጓደኛህ ሦስት እጥፍ ያለው እዚያች ቃል ውስጥ ነው።

ከዚያ ስልክ አነሳሁና ደወልኩ። ትሁት ልጅ አነሳችው። «ማይነስ 3.75 የሆነ ወንድም አለኝ፤ ስንት ያስወጣዋል?» አልኳት። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ነገረችኝ። «ለሁለቱም ዓይን?» ስላት ትንሽ ዝም አለች። «አይ፣ ለአንድ ዓይን ነው» አለች። አንድ እጥፍ እዚህ ላይ ተጨመረ። «ሲሊንደር አለው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የዓይን ፊት ኩርባው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያልሆነበትን ጉድለት ማለቷ ነው። 1.25 ነው ስላት «እሱማ ሌላ ፓኬጅ ነው» አለች። ሌዘሩ ከመሥራቱ በፊት ከዓይን ላይ የሚገለጠው ስስ ክዳን በምን ይቆረጣል ብዬ ስጠይቃት ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ያለው በምላጭ የሚሠራው እንደሆነ፣ ሙሉ በሙሉ በሌዘር ከፈለግኩ ልዩነቱን እንደምጨምር ነገረችኝ። ምርመራውስ? ለብቻ ይከፈላል። መድኃኒቱስ? ከፋርማሲ ትገዛላችሁ። ሳልጨቀጭቃት የጠየቅኳትን ሁሉ መለሰችልኝ። ሳልጠይቃት ግን አንዱንም አልነገረችኝም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ላሲክፕላስ የሚባሉት ክሊኒኮች ባለቤት ከ300 ዶላር በታች እያለ ሲያስተዋውቅ ቆይቶ፣ በጥር 2023 እንደ ፈረንጆቹ የአገሪቱ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን 1.25 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ኮሚሽኑ እንዳለው ለምርመራ ከመጡት ሰዎች ውስጥ በማስታወቂያው ዋጋ ሁለቱንም ዓይናቸውን መሠራት የሚችሉት 6.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለአብዛኛው ሰው የተነገረው ዋጋ በአንድ ዓይን ከ1,800 እስከ 2,295 ዶላር ነበር። በርካሹ ዋጋ የሚሠራው ዓይን ጭራሽ መነጽር የማያስፈልገው ዓይን ነበር ማለት ይቻላል።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው። ዋጋህን የሚቆርጠው ብሌንህ ነው፤ ብሌንህን ደግሞ ማስታወቂያው አላየውም። ብሌን ስል የዓይን ባንክ ከሟች የሚቀበለውን፣ ከፊት ያለውን መስታወት የመሰለ ክፍል ማለቴ ነው። ውፍረቱ መሃሉ ላይ በአማካይ 540 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሌዘሩ የሚሠራው ከዚህ ላይ እየላጨ ነው። ለአንድ ቁጥር በግምት 14 ማይክሮን ይላጫል። ያንተ 3.75 ላይ 1.25 ሲታከልበት ከባዱ በኩል 5 ይሆናል። ስለዚህ 70 ማይክሮን ያህል ይሄዳል።

ላሲክ በሚባለው የሌዘር ዘዴ ከመላጨቱ በፊት ስስ ክዳን ተቆርጦ ይገለጣል። በሌዘር ከተቆረጠ 110 ማይክሮን አካባቢ ነው። በምላጭ ከሆነ 160 ሊደርስ ይችላል። ከስር የሚቀረው ደግሞ ከ250 ማነስ የለበትም፤ ብዙ ሐኪሞች እንዲያውም 300 ቢቀር ይመርጣሉ። እንግዲህ አስላው። ብሌንህ 540 ከሆነ፣ 110ና 70 ሲቀነስ 360 ይቀራል፤ ችግር የለም። ብሌንህ 480 ሆኖ በምላጭ ከተቆረጠ ግን የሚቀርህ በትክክል 250 ነው። ጠንቃቃ ሐኪም እዚህ ጫፍ ላይ አያቆምህም። ወይ በሌዘር የሚቆረጠውን ውሰድ ይልሃል፣ ወይ ክዳን የማይቆረጥበትን ፒአርኬ የሚባል ዘዴ ይልሃል፣ ወይ ጭራሽ አይሆንም ይልሃል። ሦስቱም የተለያየ ዋጋ አላቸው። ከሦስቱ አንዱንም በስልክ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ብሩ። ስንት ይዤ ልነሳ ላልከው በብር ቁጥር አልጽፍልህም። ማሽኑ፣ ምላጩ፣ ጋዙ፣ ብዙዎቹ ማሽኖች በየታካሚው የሚጠይቁት የክፍያ ካርድ፣ ሁሉም በዶላር የሚገዛ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለከርሞ አይሠራም። ስለዚህ በወንበር፣ በአልጋና በጠርሙስ ልቁጠርልህ። የዕለቱን ዋጋ አንተ ታባዛዋለህ።

ወንበር። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውቶቡስም ሂድ በአውሮፕላን፣ ብቻህን አትሄድም። በተሠራህበት ቀን ዓይንህ ጭጋግ ይለብሳል፣ ብርሃን ይወጋሃል፣ እንባህ ይወርዳል። አስታማሚ ያስፈልግሃል። ሁለት ሰው ደርሶ መልስ አራት ወንበር ነው። ከዚያ በወሩ ቀጠሮ አለ፣ በሦስት ወሩ ቀጠሮ አለ። ለእነዚህ ብቻህን ብትሄድ ሌላ አራት ወንበር። ስምንት ሆነ። በስድስት ወር ተመለስ ካሉህ አሥር።

አልጋ። ላሲክ ከሆነ አንድ ቀን ምርመራ፣ አንድ ቀን ሥራ፣ በማግስቱ ቁጥጥር። አራት ሌሊት ብታስብ አትሳሳትም። ፒአርኬ ከሆነ ክዳን የለም፤ የላይኛው ስስ ሽፋን ተነስቶ ሌዘሩ እዚያው ላይ ይሠራል። ሽፋኑ እስኪመለስ ድረስ እንደ ፋሻ የሚያገለግል ኮንታክት ሌንስ ይደረግልሃል፤ የሚወጣው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አካባቢ ነው። አንድ ሳምንት ያዝ። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ሦስቱ ወይም አራቱ ያማሉ፤ ይህን ማንም ማስታወቂያ ላይ አይጽፈውም። ዘመድ ቤት ካለህ ጥሩ ነው። ግን ጭስ ያለበት ቤት እንዳይሆን።

ጠርሙስ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። የኢንፌክሽን መከላከያ ጠብታ ለሳምንት ያህል። ስቴሮይድ ጠብታ ለላሲክ አንድ ሁለት ሳምንት፣ ለፒአርኬ እየቀነሰ የሚሄድ ከአንድ እስከ ሦስት ወር። ዋናው ግን ሰው ሠራሽ እንባ ነው። ላሲክ የብሌንን ስሜት የሚያደርሱ ነርቮች ስለሚቆርጥ ዓይን ለወራት ይደርቃል፤ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም በላይ። 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 200 ያህል ጠብታ ይወጣዋል። በቀን አራት ጊዜ ለሁለት ዓይን ስምንት ጠብታ ነው። በ25 ቀን አለቀ። አንዳንዱ ጠብታ ዓይን ስቶ ጉንጭ ላይ ስለሚቀር በ20 ቀን ብትል ይሻላል። ስድስት ወር ከቆየብህ ከዘጠኝ ጠርሙስ አታንስም። የጣና ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታህ ሰው ደግሞ አራት ጊዜ አይበቃህም።

በነገራችን ላይ፣ ስቴሮይዱን ሐኪሙ አቁም ባለህ ቀን አቁም። እዚህ ከተማ ዓይኑ በቀላ ቁጥር ዴክሳ የሚሉትን ስቴሮይድ ጠብታ ከፋርማሲ እየገዛ የሚያንጠባጥብ ሰው ብዙ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ግላኮማም ሞራም ያመጣል። በፒአርኬ ጊዜ ግፊትህ በየመሃሉ መለካት ያለበት ለዚህ ነው። ያን እዚሁ ባሕር ዳር ማስለካት ትችላለህ፤ አንድ ደርሶ መልስ ታተርፋለህ።

ከወንበርም ከጠርሙስም የሚበልጠውን ግን ጓደኛህም የቆጠረው አይመስለኝም። ሥራው ቢሮ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። አንተ ግን የምትውለው ውሃ ላይ ነው። ዓይንህ ከተሠራ በኋላ የሐይቅ ውሃ እንዲነካው አይፈለግም። ያልተጣራ ውሃ ብሌንን የሚበላ ኢንፌክሽን የሚያመጡ ረቂቅ ነፍሳት አሉበት፤ ቁስሉ ሳይድን ከገቡ በሌዘር ያገኘኸውን ብቻ ሳይሆን የነበረህንም ይወስዱታል። ዋና ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚከለከለው ለዚህ ነው። የሚረጭ ውሃ ላንተ ከዋና አይተናነስም። ማዕበል ፊትህን ሲመታህ በጨርቅ መጥረግህ አይቀርም፤ ማሸት ደግሞ የላሲክ ክዳን ያንሸራትታል። ስለዚህ ወር ሙሉ ጀልባውን ሌላ ሰው ይነዳዋል ብለህ አስብ። የወር ገቢህን ጻፈው። ከማስታወቂያው ቁጥር ጎን አስቀምጠው። ምናልባት እሱ ይበልጥ ይሆናል።

እዚህ ላይ የምመክርህ አለኝ። ክረምት ላይ አድርገው። ለፍልሰታ ሱባዔ የሚሻገር ሰው ባይጠፋም፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቱሪስት ይሳሳል። አቧራ የለም፤ ፀሐዩም ይለዝባል። ፒአርኬ ከተሠራህ ኃይለኛ ፀሐይ ብሌኑ ላይ ጭጋግ መሰል ጠባሳ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ለወራት ጥሩ የፀሐይ መነጽር ማድረግ አለብህ። ከመነጽር ልገላገል ብለህ ሄደህ ጥቁር መነጽር ገዝተህ ትመለሳለህ። እሱንም በሒሳቡ ውስጥ አስገባው። ከጥምቀት በፊት ግን እንዳታስበው፤ የዓመቱ ገበያህ ያኔ ነው።

ላሲክ ወይስ ፒአርኬ የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። እኔ ግን ላንተ ዓይነቱ ሰው ፒአርኬን አልንቅም። መልሕቅ ገመድ፣ የጀልባ ጣሪያ፣ የሰው ክርን፣ የሚመታህ ነገር ብዙ ነው። ፒአርኬ የሚንሸራተት ክዳን የለውም። ብዙ ጊዜ ከላሲክ ረከስ ይላል። ሕመሙና የሚባክነው ቀን ግን ይበዛል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ከመርዓዊ የምትመጣ መምህርት ደንበኛ አለችኝ። እሷም ማስታወቂያ አይታ፣ ቀብድ በስልክ ልካ፣ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። ለስላሳ ኮንታክት ሌንሷን ያወለቀችው በዋዜማው ማታ ነው። ሌንስ የብሌንን ቅርጽ ይለውጣል፤ ለስላሳው ከምርመራው በፊት አንድ ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራው ከዚያም በላይ መውለቅ አለበት። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። ልኬቱ አልታመን ስላለ ተመለሽ ተባለች። በሦስት ሳምንቷ እንደገና ሄደች። በዚህኛው ጊዜ የብሌኗ ካርታ ተነሳ፤ ቶፖግራፊ የሚሉት ነው። ከታች በኩል መወጠር ጀምሯል፤ ብሌን እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ኬራቶኮነስ የሚባል በሽታ ነው። እንዲህ ያለ ብሌን በሌዘር አይነካም፤ ከተነካ ይብሳል። አልተሠራችም፤ በዚህ ሐኪሙን አመሰግነዋለሁ። ግን ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ከፈለች፣ ከትምህርት ቤት ቀረች፣ ቀብዷን ለማስመለስም ወራት ፈጀባት። ልጅ እያለች ዓይኗን ሲያሳክካት በጣም ታሽ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው አዘውትሮ ማሸቱ ለዚህ በሽታ ያጋልጣል። አቧራችንን ታውቀዋለህ። አንተስ ታሻለህ?

ስለዚህ ገንዘብ የምታወጣበት ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ለምርመራ ብቻ ክፈል። ቀብድ አትላክ። የብሌን ካርታና ውፍረት ሳይለካ ዋጋ የሚቆርጥልህ ሰው ያንተን ዓይን ሳይሆን ማስታወቂያውን ነው የሚያነብልህ። ከምርመራው በኋላ የሁለቱ ዓይን ሙሉ ዋጋ በወረቀት ይጻፍልህ። በየትኛው ዘዴ እንደሆነ፣ የቁጥጥር ቀጠሮዎቹ ውስጡ እንዳሉ፣ ትንሽ ቁጥር ቢቀር ድጋሚ ሥራው በነጻ እንደሆነና እስከ ስንት ወር እንደሆነ ይጻፍበት። የመጨረሻዋን ሰው ይረሳታል። የተወሰኑ ሰዎች ላይ ሁለተኛ ማስተካከያ ያስፈልጋል፤ በውሉ ውስጥ ከሌለች እንደ አዲስ ታካሚ ትከፍላለህ። ሐኪሙ የሠራውን የሚገልጽ ወረቀትም ተቀበል። ወረቀቱ ካለህ የሦስት ወሩንና የስድስት ወሩን ቁጥጥር ሐኪምህ ከፈቀደ እዚህ ማድረግ ይቻላል። የማግስቱንና የሳምንቱን ግን ለማንም አትስጥ፤ የሠራህ ሐኪም ይየው። ላሲክ ከተሠራህ ለሳምንቱ ወይ ትቆያለህ ወይ ትመለሳለህ። አልጋና ወንበር ላይ ጨምርበት።

«ካስተም» የሚባል ተጨማሪ ነገር ያቀርቡልሃል። የዓይንህን ጥቃቅን ጉድለት ለይቶ የሚያስተካክል ነው። የሚጠቅመው ሰው አለ። ለምን ላንተ እንደሚያስፈልግ በልኬትህ ካላሳዩህ ግን እኔ ብሆን አልጨምርም።

አንድ የማትጠብቀው ዋጋም አለ፤ ይህኛው በብር አይደለም። 45 ዓመት ገደማ ሲሆንህ የቅርብ ንባብ ያስቸግርሃል፤ ሁሉም ሰው ላይ ይመጣል። ማይነስ 3.75 ያለው ሰው ያኔ መነጽሩን አውልቆ በ27 ሳንቲ ሜትር ላይ መጽሐፉን ያነባል። አባቶች ዳዊታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያለ መነጽር ሲደግሙ አይተህ ይሆናል፤ አንዳንዶቹ እንዳንተ ማይነስ ናቸው። ሌዘር ይህችን ጸጋ ይወስዳታል። ርቀቱን ታያለህ፤ ለስልክህ ግን መነጽር ትገዛለህ። እኔ 46 ዓመቴ ነው፤ ይህን የምጽፍልህ አፍንጫዬ ላይ ፕላስ 1.50 ሰክቼ ነው። ላንተ ገና 18 ዓመት አለህ። በ18 ዓመት ውስጥ ጣና ስንት መነጽር ይበላብሃል የሚለውን አንተ ታውቃለህ። ለጊዜው ከጭንቅላትህ ኋላ የሚጠብቅ የመነጽር ማሰሪያ አድርግ። ከምሳ ሒሳብ አይበልጥም። ጣና የገባው መነጽርህ ቢኖረው ኖሮ ዛሬም ይዘኸው ነበር።

እናትህን ወይም አጎትህን አብረህ ልትወስድ ካሰብክ ደግሞ ተው። እዚህ «በሌዘር ይነሳል» የማይባል የዓይን ሕመም የለም። ሞራ በዚህ አይነሳም፤ የራሱ ቀዶ ጥገና አለው። ትራኮማ ሽፋሽፍት አዙሮ ብሌን ሲያቆስልም ሕክምናው ሌላ ነው።

አንተ ግን ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ከመሄድህ በፊት ወደ እኔ ብቅ በል፤ ወይም አቅራቢያህ ወዳለ ሌላ ኦፕቶሜትሪስት። ያለፈውንና የካቻምናውን የመነጽር ወረቀት ፈልገህ ይዘህ ና። ቁጥርህ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ0.50 በላይ ከተቀየረ ገና አልረጋም፤ ሌዘሩ ይቆይልህ። የእንባህን መጠንና ግፊትህን እለካለሁ። ከዚያ ዓይን የሚያፈዝ ጠብታ አድርጌ ቁጥርህን እንደገና እለካዋለሁ። ጠብታው እስከ ማግስቱ ሊያደበዝዝህ ይችላል። ያን ቀን ጀልባውን ለጓደኛህ ስጠው፤ ስትመለስም ባጃጅ ያዝ።